ይድረስ ለመንዜው የሒሳብ ሰው

ከደብረ ብርሃን

ሰላም ነህ ወይ ወንድሜ? በመጥፋቴ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ቅጣቴን መሐል ሜዳ ስመጣ ከነአረቄው እቀበላለሁ። የጻፍኩልህ ግን ለጉዳይ ነው። «እንደ ልማድህ» ትለኛለህ፤ በል።

ስለ ምክር ቤት ኮሚቴዎች የማዘጋጀው የሥልጠና ጽሑፍ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ቆሟል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55(19) ምክር ቤቱ ቋሚና ጊዜያዊ ኮሚቴዎች ያቋቁማል ይልና ለየፓርቲው ስንት ወንበር እንደሚደርስ ሲሆን ዝም ነው፤ እንደ እኔ። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም ወንበር በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተይዞ ስለነበር ጥያቄውም አልነበረም። ተቃዋሚ ሲገባ ግን ክፍልፋይ ይመጣል።

እስቲ 60 ወንበርና ሦስት ፓርቲዎች ያሉት ምክር ቤት ያዝ፦ ፓርቲ ሀ 41፣ ፓርቲ ለ 13፣ ፓርቲ ሐ 6። ለ7 ሰው ኮሚቴ ድርሻቸው 4.78፣ 1.52፣ 0.70 ነው። የቅርጫ ሥጋ ቢሆን ግማሽ መደብ ይባል ነበር፤ ሰው ግን አይገመስም። ሙሉ ቁጥሩን አድለህ የተረፉትን 2 ወንበሮች ትልቅ ክፍልፋይ ላላቸው ብትሰጥ 5፣ 1፣ 1 ይወጣል። በዶንት ስልት፣ ማለትም የየፓርቲውን ወንበር ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እያካፈልክ ከትልቁ ውጤት ጀምረህ ብታድል፣ 6፣ 1፣ 0 ይሆንና ሐ ከደጅ ይቀራል። የጀርመን ምክር ቤት ለኮሚቴዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ለ1፣ ለ3፣ ለ5 ነው የሚያካፍለው፤ ያም 5፣ 1፣ 1 ይሰጣል።

እኔን ያስጨነቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ባለ 7 ሰው ኮሚቴዎቹ ስድስት ቢሆኑና ለእያንዳንዱ ለየብቻ ብታሰላ ድምሩ 30፣ 6፣ 6 ይመጣል። 13 ሰው ያለው ለ እና 6 ሰው ያለው ሐ እኩል! የፓርቲ ለ ክፍልፋይ ስድስት ጊዜ ተቆርጣ ቀረች። መጀመሪያ 42ቱን ወንበር ባንድ ላይ ብትከፍል ግን 28.7፣ 9.1፣ 4.2 ነው፤ ማለት 29፣ 9፣ 4። ከዚያ ለ በሦስት ኮሚቴ ሁለት ሁለት፣ በሦስቱ አንድ አንድ ያስገባል፤ ሐ በአራቱ አንድ አንድ። ሀ የትም ከ4 ስለማያንስ አብላጫው አይነካበትም፤ የሚያጣላ ነገር አይታየኝም።

ሐ የማይኖርባቸው ሁለቱ ኮሚቴዎች የትኞቹ ይሁኑ? እኔ ሐ አራቱን ቀድሞ ይምረጥ ባይ ነኝ፤ መጨረሻ ላይ ከመረጠ ማንም ያልፈለገው ይደርሰዋል። የመንግሥት ወጪን የሚቆጣጠረውን ሰብሳቢነት ደግሞ ለተቃዋሚ መስጠት ለሕንድ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው፤ የእኛም ምክር ቤት በ2014 ለተቃዋሚ አባል ሰጥቶት ነበር። ሰብሳቢ ግን አጀንዳ ይይዛል እንጂ ድምፁ አንድ ነው፤ በምልዓተ ጉባኤው ካልተጠነቀቅህ፣ ከ7 አራት ይበቃል ስትል፣ ሀ ብቻውን ተሰብስቦ ይወስናል። አንድ የሌላ ፓርቲ ሰው ይኑር ብትል ደግሞ በመቅረት ብቻ ሥራውን ያስቆማሉ። የቱ ይሻላል? እኔ ከሁለተኛው ስብሰባ በኋላ ግዴታው ይነሳ ብዬ ጽፌያለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ቁጥሮቹን እስከ ቅዳሜ በእጅህ አስላቸው፤ ለካልኩሌተር አትስጣቸው፣ አውቅሃለሁ።

ሌላም ልጽፍልህ ያሰብኩት ነበር... ይቆይ። ብርዱ እንዴት ነው?