ሰልጣኙን ከመቁጠርሽ በፊት ማሽኑን ቁጠሪ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የሚያሳስብ ነገር የለም። ባሕር ዳር ላይ የትብብር ስልጠና፣ ማለትም ኮሌጁና የከተማው ወርክሾፖች አብረው የሚሰጡት የሙያ ስልጠና፣ አስተባባሪ ሆነሽ መመደብሽ ቤቱን ሁሉ አስደስቷል። ቁጥር የበዛበት ነገር በስልክ አይያዝምና በወረቀት ጽፌልሻለሁ።

ዓመቱ ሲጀመር «ስንት ሰልጣኝ ትቀበላላችሁ?» ተብለሽ ትጠየቂያለሽ። ከመመለስሽ በፊት በኮሌጁ በየወርክሾፑ ግቢና ማሽኑን ቁጠሪ። በንብረት መዝገብ የተጻፈውን ተይው፤ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚሠራውን ብቻ ያዢ። ከዚያ እንዲህ አስዪው። የብየዳ ክፍሉ 5 ማሽን አለው፣ ለተግባር የተያዘው 100 ሰዓት ነው፣ ሰልጣኙ 30 ነው እንበል። 5 ማሽን በ100 ሰዓት 500 የማሽን ሰዓት ይሰጥሻል፤ ለ30 ሲካፈል ለአንድ ሰው 17 ሰዓት አይሞላም። የቀረውን 83 ሰዓት ጓደኛው ሲበይድ ቆሞ ያያል፤ መዝገቡ ላይ ግን 100 ሰዓት ሰለጠነ ተብሎ ይሰፍራል። አንዱ ማሽን ሲበላሽ ደግሞ ወደ 13 ይወርዳል። «በያጅ ጠፋ» የሚለው ባለወርክሾፕና «ሰርተፊኬት ይዤ ሥራ አጣሁ» የሚለው ልጅ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሚጠፋፉት በዚያ በ83ቱ ሰዓት ውስጥ ነው።

ያንኑ 30 ሰው ጠዋትና ከሰዓት አድርገሽ ለሁለት ብትከፍይው ለእያንዳንዱ 33 ሰዓት ይደርሳል። አሰልጣኙ ግን እጥፍ ሰዓት ይቆማል። የትርፍ ሰዓት ክፍያው ሐምሌ ላይ በጀቱ ሲያዝ ካልገባ፣ ሁለተኛው ፈረቃ ጥቂት ወር ተሠርቶበት ይቋረጣል። ስለዚህ ፈረቃውን ከማወጅሽ በፊት የፋይናንስ ክፍሉን አናግሪ።

ማሽኑ ብቻውን ምንም አይደለም። አንድ ባለ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳያልፍ ነድዶ ያልቃል። ሰልጣኝ ቅርፊቱን እያራገፈ፣ አሰልጣኙን እያሳየ በሰዓት 15 ያህል ይጨርሳል ብለሽ ያዢ። በ33 ሰዓት 500 ገደማ ነው። ባለ5 ኪሎው ፓኬት ውስጥ 160 ያህል ይኖራል፤ ለአንድ ሰው 3 ፓኬት፣ ለ30 ሰው 90 ፓኬት ማለት ነው። 20 ፓኬት ተገዝቶ ዓመቱን የሚዘልቅበት ወርክሾፕ ካየሽ፣ እዚያ የሚሠራው ብየዳ ሳይሆን የብየዳ ትርኢት ነው። ላሜራና አንግል ብረት ደግሞ አዲስ መግዛት የለብሽም፤ የበርና መስኮት ቤቶች የሚጥሉት ቁርጥራጭ ለልምምድ ይበቃል፣ ሄደሽ ጠይቂ። ኤሌክትሮዱን ግን ከእርጥበት ጠብቂው። ክረምቱን በተከፈተ ፓኬት የቆየ ኤሌክትሮድ ሲነድ ይንጣጣል፣ ብየዳውንም በቀዳዳ ይሞላዋል፤ ሰልጣኙም ጥፋቱ የእጁ እየመሰለው ተስፋ ይቆርጣል። ተራውን ባለ6013 ኤሌክትሮድ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ማድረቅ ይበቃዋል።

ባሕር ዳር ራሷ ከተማ የሆነችው በዚህ ስሌት ነው። በጣልያን የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953፣ በሶቪየት ኅብረት እገዛ የቆመው ፖሊ ቴክኒክ በ1955፣ የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. መጡ። መብራቱ፣ ሥራውና ትምህርት ቤቱ ተከታትለው ገቡ ማለት ነው፤ ፖሊም ጨርቃ ጨርቅን፣ ብረታ ብረትን፣ እንጨት ሥራንና ኤሌክትሪክን ያስተምር የነበረው እዚያው ከተማ ውስጥ የሚሠራበት ስለነበረ ነው። ሕንፃው ቀድሞ ሠራተኛው በኋላ ሲፈለግ የሚሆነውን አንቺ በየቀኑ ታዪዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራሽ ልምጣ። የትብብር ስልጠና 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ነው ሲባል፣ ያ 70 የሚሞላው በኮሌጁ ማሽን አይደለም፤ በከተማው ወርክሾፕ ነው። ወርክሾፕ ስትመርጪ ባለቤቱን «ስንት ትቀበላለህ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ከይሉኝታ የተነሳ 5 ይልሻል። ስንት በደንብ የሚሠራ ባለሙያ እንዳለው ቁጠሪና ለአንድ ባለሙያ አንድ ሰልጣኝ ብቻ መድቢ። ሦስት ሰልጣኝ የተላከበት ትንሽ ጋራዥ ውስጥ አንዱ ይማራል፣ አንዱ ይጠርጋል፣ አንዱ ሻይ ያመላልሳል።

ባለቤቱ የሚፈራው ሦስት ነገር ነው፤ ዕቃ እንዳይባክንበት፣ ሰው እንዳይጎዳበት፣ ደንበኛው እንዳይሸሽ። ፍርሃቱ ተገቢ ነውና አታጣጥዪበት፤ በውሉ ውስጥ መልስ ስጪው። ኮሌጁ፣ ድርጅቱና ሰልጣኙ የሚፈርሙት ውል ላይ ሰልጣኙ በየትኛው ሳምንት የትኛውን ሥራ እንደሚለማመድ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ ማን እንደሚያቀርብ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክም በግልጽ ይጻፍ። የመጨረሻዋ መስመር ባዶ ሆና ከተፈረመ፣ ግራይንደር ጣት በቆረጠ ቀን ሁሉም ወደ አንቺ ይጠቁማል።

ርቀትንም አትርሺ። በቀን ሁለቴ ለባጃጅ የሚከፍል ሰልጣኝ ወር ሳይሞላው ይቀራል፤ ቤቱ ለሚጠጋው ወርክሾፕ መድቢው። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ ብስክሌት ያለውን ዓባይን አሻግረሽ ብትመድቢውም ይደርሳል፣ ስለዚህ ምዝገባው ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሪ። ሴት ሰልጣኞችን ደግሞ ብቻቸውን አትላኪ፤ ለአንድ ባለሙያ አንድ ያልኩሽን ሳታፈርሺ ቢያንስ ሁለት ባለሙያ ያለበት ቦታ ፈልገሽ ሁለት ሆነው ይግቡ። ልብስ የሚቀይሩበትና የሚቆለፍ መጸዳጃ መኖሩን ራስሽ ገብተሽ እዪ። በልኳ ያልሆነ ጓንት የምታጠልቅ ልጅ ኤሌክትሮዱን በወጉ መያዝ አትችልም፤ ትንሹን ቁጥር አስገዥላት።

ጉብኝትሽ በየሁለት ሳምንቱ ይሁን፤ ቀኑን አስቀድመሽ አትናገሪ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ድረሺ። መጀመሪያ የሰልጣኙን እጅ እዪ፤ የሠራ እጅ ይታወቃል። ቀጥሎ ሎግ ቡኩን፣ የየዕለት ሥራውን የሚመዘግብበትን ደብተር፣ ግለጪ። «ብየዳ ተለማመድኩ» የሚል መስመር ምንም አይነግርሽም፤ «3 ሚሊ ሜትር አርኤችኤስ (ባለአራት ማዕዘን ቱቦ ብረት)፣ 2.5 ኤሌክትሮድ፣ 80 አምፔር፣ 6 መጋጠሚያ፣ 2ቱ ተበስተዋል» የሚል ግን የሠራ ሰው ጽሑፍ ነው። በአንድ ቀለምና በአንድ ቀን የተሞላ ሎግ ቡክ አትቀበዪ።

የዓመቱን ወቅት ተከትለሽ መድቢ። ግንበኛ፣ ፌሮ ሠራተኛና ሴራሚክ አንጣፊ የሚሆኑት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሳይት ላይ ይዋሉ፤ ዝናቡ ሲገባ ሥራው ስለሚቀዘቅዝ ንድፈ ሐሳቡን ለሰኔ አቆዪላቸው። የሆቴል ሰልጣኞች ለገናና ለጥምቀት ሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎች ሲሞሉ እዚያው ይገኙ። ከገጠር የመጡት በአጨዳ ወቅት ለቤተሰብ እንደሚፈለጉ አስቀድመሽ እወቂ፤ ከመቅጣት ይልቅ አንድ ሳምንት በካላንደሩ ላይ ክፈችላቸው።

ስለ ልብስ ስፌት ትንሽ ልቆይ፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በብዛት የሚፈልገው እሱን ነውና። ልጆቹ ኮሌጅ ሙሉ ሸሚዝ መስፋት ተምረው ይሄዳሉ፤ ፋብሪካ ውስጥ ግን አንድ ሰው አንድ ኦፕሬሽን (ከልብሱ አንዱን የስፌት ደረጃ) ብቻ ነው የሚሠራው፣ የሚለካውም በደቂቃ ነው። ስሌቱን ከመጀመሪያው ሳምንት አስተምሪያቸው፤ የተሠራው ብዛት ለአንዱ በተሰጠው መደበኛ ደቂቃ ተባዝቶ ለተሠራበት ደቂቃ ይካፈላል። አንድ ኪስ መግጠም 0.6 ደቂቃ ከተሰጠው በ480 ደቂቃ ሙሉ ውጤቱ 800 ነው፤ 400 የሠራች ልጅ 50 በመቶ ላይ ናት። ይህን የማታውቅ ልጅ የመስመር ኃላፊው ለምን እንደሚቆጣት አይገባትም፤ ሞራሏ ወድቆ ትለቃለች። ፍጥነት የሚጠፋው መርፌው ላይ አይደለም፤ ጨርቁን ማንሳት፣ ማስተካከል፣ ሰፍቶ ማስቀመጥ ላይ ነው። ስለዚህ ማሽኑን አጥፍታ ማንሳትና ማስቀመጡን ብቻ በሰዓት እየተለካች ትለማመድ። ስፌቱ ከተሸበሸበ መጀመሪያ የክሩን ውጥረት፣ ቀጥሎ የመርፌውን ቁጥር እዪ፤ ለስስ ጨርቅ ወፍራም መርፌ የተለመደ ጥፋት ነው። በበኩሌ እያንዳንዷ ልጅ ቢያንስ ሦስት ኦፕሬሽን ሳትይዝ አትውጣ እላለሁ፤ አንድ ብቻ የምታውቅ ትዕዛዙ ሲቀየር የመጀመሪያዋ ተቀናሽ ናት።

ሐይቁንም አስቢበት። ጣና ላይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱት ጀልባዎች ሞተር ጠጋኝ ይፈልጋሉ፤ ለዚህ ሙያ ክፍል ለመክፈት አንድ አሮጌ ሞተር፣ በውሃ የተሞላ ግማሽ በርሜልና የመፍቻ ሳጥን ለጅማሬ ይበቃል። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለን ሞተሩ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 40 ፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ 33 ያህል ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል፤ ይህን ያልተማረ ጠጋኝ ካንዴላ ብቻ ሲቀያይር ይከርማል። ባለሁለት ምቱን 50 ለ1 ያደባልቁ፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። እምቦጭ በ2004 ሐይቁ ላይ ከታወቀ ወዲህ ደግሞ ሥሩ የማቀዝቀዣውን ውሃ መግቢያ ይደፍናል። ከሞተሩ ጎን የሚፈስሰው ቀጭን ውሃ ከቆመ ወዲያው ማጥፋት እንደሚገባ ማንኛውም ሰልጣኝ የመጀመሪያ ቀን ይማር፤ ሁለት ደቂቃ መዘግየት ሞተሩን አጣብቆ ያቆመዋል።

ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘናው፣ ላይ «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚባሉት ብዙዎቹ ሙያውን ስለማያውቁ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ብቻ የበየዱ ልጆች ቁመቱን በይዱ ሲባሉ ይጨነቃሉ፤ ሥዕል ማንበብ ያልለመደ ልኬቱን ይስታል፤ ሰዓት ተይዞበት የማያውቅ መሃል ላይ ያቆማል። ከምዘናው 3 ሳምንት በፊት የሌላ ክፍል አሰልጣኝ መዛኝ ሆኖ፣ ሰዓት ተይዞ፣ በማያውቁት ማሽን ይሞከሩ።

ከመመረቃቸው በፊት አንድ ሙሉ ቀን ለሥራ ሕግ ስጪያቸው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን 60 የሥራ ቀን፣ መደበኛ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ወስኗል። በምሳሌ አሳዪያቸው፤ በወር 4,160 ብር የሚከፈለው ሰው ለ208 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 20 ብር ነው። ትርፍ ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት 30 ብር፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት 35፣ በዕረፍት ቀን 40፣ በበዓል 50 ይሆናል። ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ሲቆረጥ አሠሪው 11 መጨመሩን ይጠይቁ። ሲለቁም የሥራ ልምድ ማስረጃቸውን ሳይዙ አይውጡ።

ቆጠራውን ከብየዳና ከስፌት ክፍል ጀምሪ፤ ሲያልቅ ዝርዝሩን ላኪልኝና አብረን እናየዋለን። የማይሠሩትን ማሽኖችም ለየብቻ ጻፊ፤ ስንቶቹ በአንድ ኬብል ወይም በአንድ ማብሪያ ምክንያት እንደቆሙ ማወቅ እፈልጋለሁ። እናትሽ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታለች፤ ሰው ሲገኝ ይላክልሻል።

አባትሽ