ፍሬሾችን ለምትቀበይ ወዳጄ

ሐዋሳ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማልረሳሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝምታው ረዘመ። ኑሮው፣ ልጆቹ፣ የአባቴ ሕመም፣ ያንቺም ትምህርት ተደራርቦ እዚህ ደረስን። ማን ቀድሞ እንደጠፋ አልቆጥርም፤ አንቺም አትቁጠሪ። በቴሌግራም የላክሽልኝን ሳነብ ግን አላስቻለኝም። በድምፅ ልመልስልሽ ጀመርኩና ነገሩ አልበቃ አለኝ፤ ቁጭ ብዬ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

አሜሪካ ባለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ፣ ኖተር ዳም ላይ የሴቶች ዶርም ረዳት ሬክተር፣ የዶርሙ ኃላፊ ረዳት ሆነሻል! እልልታዬን ጎረቤት ሰምቶታል። አዲስ ገቢዎቹ ሊደርሱ ነው፣ «እኔ ራሴ ለአገሩ እንግዳ ነኝ፣ ምን ብዬ ልቀበላቸው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጥያቄሽ ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። እኔ አሁንም እዚህ ከካቶሊክ ቁምስናችን ጋር ሆኜ የዩኒቨርሲቲ ልጆችን ስለምቀበል፣ የምልሽ አላጣሁም።

ስለ ዶርማችሁ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። እያንዳንዱ ዶርም የራሱ ቻፕል፣ ትንሽ ጸሎት ቤት አለው። ሬክተሯ እዚያው ከልጆቹ ጋር ትኖራለች። ፍሬሿና ሲኒየሯ ባንድ ጣራ ሥር ናቸው፤ አብዛኞቹም ግቢው ውስጥ እስከኖሩ ድረስ መጀመሪያ ከተመደቡበት ዶርም አይወጡም። አባ ኤድዋርድ ሶሪን ከቅዱስ መስቀል ማኅበር ወንድሞች ጋር ሆነው በ1842 እ.ኤ.አ. በዚያ በረዶ ውስጥ የጀመሩት ቤት ይኸው ዛሬ ያንቺን እጅ ፈለገ። የመቀበያው ሰሞን ጭፈራ፣ የዶርሙ ካናቴራ፣ ዕቃ የሚሸከሙት ሲኒየሮች፣ ሁሉም ደስ ይላል። አብረሽ ጨፍሪ። እኔ ያሳሰበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወላጅ ተሰናብቶ ሲሄድ፣ ትምህርቱ ሲጀመር፣ ሁሉም የየራሱን ጓደኛ ሲይዝ አንዷ ትቀራለች። ሥራሽ የዚያን ጊዜ ይጀምራል።

እኛ ሲኒየር ሆነን መናኸሪያ የቆምንበትን ጊዜ ታስታውሻለሽ? የጥሪ ማስታወቂያው አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅና የስፖርት ትጥቅ ይዛችሁ ኑ ይላል። ልጆቹ ግን ከዚያ ሌላ እናት የቋጠረችውን በሶና ዳቦ ቆሎ በፌስታል ይዘው ይወርዱ ነበር። ከአውቶብስ የሚወርዱት ደግሞ ተያይዘው ነበር። አምስትም ስድስትም ሆነው፣ ካንድ ትምህርት ቤት፣ እየተጠራሩ። አሁን ያ ቀርቷል። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በዚያ በመጀመሪያው ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። የ2016ቱም 5.4 በመቶ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ ይበልጣሉ።  በሬሜዲያል፣ በማካካሻ ትምህርት የሚገቡ አሉ፤ ቢሆንም ከትምህርት ቤቷ ብቻዋን አልፋ፣ ብቻዋን ተሳፍራ፣ ብቻዋን የምትወርድ ልጅ አሁን ብዙ ናት። የአገር ሰው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነው። ከፋኝ ብላ ወደ ቤት መደወል እንኳን ያስፈራታል።

አንዷን ልንገርሽ። ከጉራጌ፣ ከእምድብር የመጣች ናት። መናኸሪያ ተቀበልናት፣ ሻንጣዋን ተሸከምንላት፣ ዶርሟን አሳየናት፣ ስልክ ተለዋወጥን። እሷም ፈገግ ብላ አመሰገነችን። ሁላችንም ተቀበልናት ብለን ወደየቤታችን ሄድን። ከሳምንታት በኋላ አንዷ ሲኒየር ዶርሟ ጎራ ስትል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሶ በስኳር ስትበጠብጥ አገኘቻት። የምሳ ሰዓት ነው። ሚል ካርዷ ደብተሯ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው፤ አንድ ቀን አልተጠቀመችበትም። ካፌው ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሁሉም ከጓደኛው ጋር ነው፣ እሷ ትሪ ይዛ የት እንደምትቀመጥ አላወቀችም። በቃ፣ ይኸው ነው ምክንያቷ። ሲኒየሯ አልመከረቻትም፣ አልተቆጣቻትምም። «እኔም አልበላሁም፣ ነይ እንሂድ» አለቻት። በማግስቱም መጣች። በሳምንቱ ልጅቷ ራሷ ቀድማ በር ላይ ቆማ ትጠብቃት ጀመር።

እሑድ ደግሞ ቤተክርስቲያን ይዘናት ሄድን። እንደምታውቂው እምድብር ሀገረ ስብከት የሚቀድሰው በግዕዝ ሥርዓት ነው፤ እኛ ዘንድ በላቲን ሥርዓት ነው። ልጅቷ ነጠላዋን አጣፍታ ለረጅም ቅዳሴ ተዘጋጅታ ቆማለች። ሕዝቡ ሲወጣ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞር አለችና «በዚህ አለቀ እንዴ?» አለችኝ። በገዛ ቤተክርስቲያኗም እንግዳ ሆና ነበር ለካ! ካቶሊክ ስለሆነች ብቻ ቤቷ የገባች መስሎን ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ አዲስ ልጅ ሲመጣ ከየት እንደመጣ ብቻ ሳይሆን እንዴት ሲጸልይ እንዳደገ እጠይቃለሁ።

ይሄንን የምነግርሽ አንቺ ያለሽበት ተቃራኒው ስለሆነ ነው። እኛ እዚህ ጥቂት ነን። በ1999ኙ ቆጠራ ካቶሊኩ ከአገሩ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበር። ዶርማችን ውስጥ ኦርቶዶክሷ፣ ጴንጤዋ፣ ሙስሊሟ ነበሩ፤ ካቶሊክ አንቺና እኔ ብቻ። ሙስሊሟ ጓደኛችን በረመዳን ሌሊት ስትነሳ እንዳልቀሰቅሳችሁ ብላ በባዶ እግሯ ትራመድ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ማታ ውኃ ቀድተሽ አልጋዋ ሥር ታስቀምጪላት ነበር። ይሄንን ማንም አላስተማረሽም። እዚያ አብዛኛው ልጅ ካቶሊክ ነው፣ ቻፕሉም ታች ነው፣ ጸሎቱን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ጸሎቱን የማታውቀዋ ልጅ ስታፍር ማንም ላያይ ይችላል። ወይም የምታውቀው፣ ግን በሌላ ቋንቋ ያደገችበት። ወይም ወላጆቿ በመኪና ሙሉ ዕቃ ያላመጡላት። አንቺ ጥቂት ሆኖ መኖርን ስለምታውቂ ታያታለሽ። «እንግዳ ነኝ» ያልሽው ነገር ለኔ ብርታትሽ ነው።

ስማቸውን ቶሎ አጥኚ። ከፎቷቸው ጋር ስማቸውን ከሰጡሽ ማታ ማታ እየደገምሽ ያዢው። አጠራሩን ከራሳቸው አፍ ስሚ፤ የኛ ስም እዚያ ሲጠራ እንዴት እንደሚሆን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ከዚያ ደግሞ ቡና አፍዪ። እሑድ ማታ ዶርሙ ውስጥ ቅዳሴ አለ ብለሽኛል፤ ከቅዳሴው በኋላ ይሁን። ከሰሉና ዕጣኑ እዚያ እንደማይሆን አውቃለሁ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍዪው። ፈንዲሻ ግን አይቅር። ሦስተኛው እስኪፈላ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ አቦል ላይ አንገቷን ደፍታ የነበረች ልጅ በረካ ላይ ስለ ታናሽ ወንድሟ ስታወራ ታገኛለሽ። ቡና የማትጠጣ ሻይ ትጠጣ። ብቻ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ይሁን፤ ሳይጋበዙ መምጣት እንዲለምዱ።

ሌላው የማይነገረው ነገር ድካምሽ ነው። ሌሊት በር የሚንኳኳብሽ ጊዜ ይመጣል። ያንን ብቻሽን አትሸከሚው። ሬክተሯ አለች፣ ካህኑ አለ፣ ለዚህ የተማሩ ባለሙያዎችም ግቢው ውስጥ አሉ። የከበደሽን ለነሱ አካፍዪ። የራስሽን ትምህርትም እንዳትጥዪው፤ የሄድሽበት ጉዳይ እሱ ነው።

ሐዋሳ ደህና ናት። ክረምቱ ዘንድሮ ከብዷል፣ የሰፈራችን መንገድ ባጃጅ አያስገባም። ፍሬሾቹ ሲመጡ በመጀመሪያው ቅዳሜ አሞራ ገደል ወስደን ዓሣ ሾርባ እናበላቸዋለን፤ ይሄ ካንቺ ዘመን ጀምሮ አልተቋረጠም። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎችም እዚያው ናቸው፣ አዲስ ልጅ አሁንም ይሸሻቸዋል።

እናትሽን ባለፈው እሑድ አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል፣ ምርኩዙን ትተውታል። ከምትጽፊ ደውዪላቸው፤ እሑድ ከሰዓት ቤት አይጠፉም። ለኔ ደግሞ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ጻፊልኝ። ያለፉትን ዓመታት የመቀበያ ሰሞን ፎቶ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ በርሽን ማን እንዳንኳኳ መስማት እፈልጋለሁ።

ባለቤቴና ልጆቹ ሰላም ብለውሻል።

የዶርም እህትሽ