ብሩ ለደላላ አይደለም

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝም። ድምፄ የጠፋው የሌሊት ፈረቃ ገብቼ ነው፣ አኩርፌ አይደለም። ብሩ ባንክ ገብቷል፤ ሚሚ ሄዳ ታውጣው።

ግን ለደላላ እንዳትሰጡት። ማሙሽ በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ነው ካልሽኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ስለ መንገዱ ብዙ አላወራልሽም፣ ብቻ እሱ እንዲያየው አልፈልግም።

ፈተናውን አላለፈም ብለሽ አንገትሽን የምትደፊው ለምንድን ነው? እሱ በተፈተነበት በ2016 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ያለፉት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀረው ሁሉ ሰነፍ ነው? ማሙሽ ገና በልጅነቱ የአባዬን መላጊያና መሮ ካልደበቅንበት አይተውም ነበር። እንጨት ሥራ ልማር ሲልሽ "አባትህ ከእንጨት ምን አተረፈ?" አልሽው አሉ። እማዬ፣ እኛን አተረፈ። ከአንድ ግንድ የሚፈለፍለውን የዋንዛ በርጩማ ሰው ከሌላ ከተማ እየመጣ ይገዛው አልነበር?

እዚህ ጀርመን የጎረቤቴ ልጅ፣ አባቱ ሐኪም ነው፣ ኤሌክትሪክ ይማራል። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ድርጅት ውስጥ ይሠራል፣ በቀረው ትምህርት ቤት ይገባል፣ እየተማረም በየወሩ ይከፈለዋል። ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። ቤተሰቡ ግን በኩራት ነው የሚያወራው።

የእኛም ቴክኒክና ሙያ 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ነው ይባላል። ማሽኑ ተበላሽቶ ልጆቹ ደብተር ላይ ብቻ ሲጽፉ የሚውሉበት ቦታም አለና ማሙሽ ከመመዝገቡ በፊት ወርክሾፑን ገብቶ ይይ፣ የሚማሩትን ልጆች ይጠይቅ። ሲጨርስ ደግሞ ሲኦሲውን፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን ማለቴ ነው፣ ሳይፈተን እንዳይቀር፤ ያለዚያ ወረቀት ቀጣሪ አያምነውም።

ያ ወላጅ የሌለው የሰፈራችን ሊስትሮ አብሮት ይመዝገብ። አምና ጀምሮ ያቋረጠው ትምህርት ስላልገባው አይደለም። ክፍል የዋለ ቀን እራት የለውም። ስልጠናው ነፃ ነው ይሉታል፣ ሆዱን ማን ይሸፍንለት? እንዲህ እየሆነ ስንት ጎበዝ ልጅ መንገድ ላይ ቀረ። የሁለቱም ምሳና የባጃጅ ከምልከው ላይ ይውጣ፤ እችላለሁ፣ አትከራከሪኝ።

ሚሚዬ፣ እዚህ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽ እንዳይሰበር። ሽማግሌ መላኩን ሰምቼ እልል ብያለሁ። ለጥር ግን መድረስ አልችልም፣ ወረቀቴ ገና አላለቀም። ብር ልኮ ቀረ እንዳትሉኝ፣ አንጀቴ እዚያው ነው። የጅማ ጭቃ ይናፍቅሃል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ አሁን በቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ ከጫማዬ የማይለቀው ጭቃ ሳይቀር ናፈቀኝ። ባልሽን ገና በፎቶ ነው የማውቀው፣ ደስ የሚል ፊት አለው፣ ለእማዬ ልጅ ይሁናት። ማሙሽ ሙያውን ሲይዝ መጀመሪያ የሚሠራው ቁም ሳጥን ያንቺ ይሁን፣ የጣውላውን እኔ እከፍላለሁ።

እማዬ፣ የግፊቱን ኪኒን ተሻለኝ ብለሽ እንዳታቋርጪ። ጨውም ቀንሺ። ሚሚ፣ ምዝገባው መቼ እንደሚጀምር ጠይቀሽ በቴሌግራም ጻፊልኝ። ማሙሽ ደግሞ ራሱ ይደውልልኝ፣ እሁድ ሥራ አልገባም።