ሰባት ድርጭት

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? «ከርመሃል» ማለቱ ራሱ ያሳፍራል፤ ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። እናትህ እማማ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩህም። «እግዜር ያጥናህ» ብዬ እንኳ አልደወልኩም። መጀመሪያ የምለው ጠፋኝ፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር ደግሞ እፍረቱ ባሰ።

ባለፈው ወር ለሥራ ካይሮ ነበርኩ። አንድ ቀን ተረፈኝና ጊዛ ሄድኩ። ፒራሚዱን ተወው፣ በፎቶ የምታውቀው ነው። እኔን የያዘኝ ከስፊንክሱ ወደ ደቡብ፣ ዳገቱ ላይ ያለው የሠራተኞቹ መቃብር ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. እዚያ አንድ ፈረስ ተደናቀፈ። ያደናቀፈው የጭቃ ጡብ ግድግዳ ሆኖ ተገኘ። መቃብሩ የታወቀው እንዲህ ነው።

ከ4500 ዓመት በፊት ያንን ሁሉ ድንጋይ የጎተቱ ሰዎች ለራሳቸው የሠሩት በትርፍራፊ ነው። የጭቃ ጡብ፣ የኖራ ድንጋይ ስባሪ፣ ከንጉሡ ሥራ የተረፈ ግራናይት። አንዳንዱ ላዩ ጉልላት ነው፣ አንዳንዱ መደብ ይመስላል። የሹማምንቱ መቃብር ስም «ማስታባ»ም በአረብኛ መደብ ማለት ነው። ስሰማው የእናንተ ቤት መደብ ትዝ አለኝ፤ እማማ ቡና የሚያፈሉበት። ከየመቃብሩ ሥር ጉድጓድ አለ። ሬሳው ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ፣ ብርድ እንደያዘው ልጅ በጎኑ ይተኛል። አስከሬን በጨው ማድረቅ፣ 70 ቀን ሙሉ መገነዝ የባለጸጋ ወግ ነው፤ ለእነዚህ አልደረሳቸውም። የዳቦና የቢራ ዕቃ ግን አጠገባቸው አለ። ተሰብሮ የገጠመ ክንድም ተገኝቷል። ወጌሻቸው ጎበዝ ነበር።

ማታ ሆቴል ገብቼ ስለ ግብፆች ቀብር ሳነብ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ለሟች ደብዳቤ ይጽፉ ነበር! ያውም ምግብ በሚቀርብበት የሸክላ ሳህን ላይ። ቃው ከሚባል ቦታ የተገኘ አንድ ሳህን አለ። ሼፕሲ የሚባል ሰው ውስጡን ለአባቱ፣ ውጭውን ለእናቱ ጽፎበታል። ንብረቴን ነጠቁኝ፣ ድረሱልኝ ነው ነገሩ። እናቱን የሚለማመጥበት ግን ይለያል። ድርጭት አምጣልኝ ብለሽኝ ሰባት አመጣሁልሽ፣ በላሽም፤ ታዲያ ዓይንሽ እያየ ስበደል ዝም ትያለሽ? ነው የሚላት።

ሰባት ድርጭት። ቆጥሮ ይዟል እኮ! እኔ የእማማን ጉርሻ አልቆጠርኩም። አንድ ፋሲካ ግን ላንተ ያስቀመጡትን የዶሮ እግር «እሱ ሌላ ይበላል» ብለው ለኔ አውጥተውልኛል። እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። ተቆጣኝ፣ ግን ስልኩን አንሣ።