ለማሙሽ ማን ይንገረው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ? ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ጋዜጣችሁን ለዓመታት አንብቤያለሁ፣ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ብዕር ያስነሳኝ አንድ ደራሲ ነው። ዲናው መንግሥቱ ይባላል። አራቱንም ልቦለዶቹን ያነበብኳቸው ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ነው፣ ታላቅ ወንድሜ ካረፈ በኋላ። ስለዚህ ስለ እሱ ስጽፍ ስለ ገዛ ቤቴም መጻፌ አይቀርምና ታገሱኝ።

ውጭ ስላለው ወገናችን ብዙ ይጻፋል። ስለሚልከው ዶላር፣ ስለሚገዛው ቤት፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ፖለቲካው። እናንተም ትጽፋላችሁ። እዚያ ቤት ውስጥ አባትና ልጅ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ሳይነጋገሩት ስለሚያልፉት ነገር ግን አንብቤ አላውቅም ነበር። ዲናው እስካሁን በጻፋቸው ልቦለዶች ሁሉ የሚመላለሰው እዚችው ነገር ላይ ነው።

ሰውየው አዲስ አበባ ነው የተወለደው፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በእኛ 1970 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አባቱ ቀድሞ ሸሽቶ ነበርና በሁለት ዓመቱ ከእናቱና ከእህቱ ጋር አሜሪካ ገባ። ያደገው ኢሊኖይ ውስጥ ነው፣ መጀመሪያ ፒዮሪያ በምትባል ከተማ፣ ኋላም ቺካጎ አካባቢ። የመጀመሪያ ልቦለዱ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቶ እንግሊዝ አገር የጋርዲያን ጋዜጣን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በአሜሪካ ለፈጠራ ሰዎች የሚሰጠው ትልቁ የማክአርተር ድጋፍ ተሰጠው። ሽልማቱን ያነሳሁት ለወጉ ያህል ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው።

ወንድሜ በ1971 ዓ.ም. በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ፣ ከዚያ አሜሪካ። ዋሽንግተን አካባቢ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነዳ። ገንዘብ መላክ አቋርጦ አያውቅም። በየበዓሉ ይደውላል፣ «ደህና ነኝ፣ እናንተ ደህና ናችሁ?» ይላል፣ አለቀ። ለሙት ዓመቱ ልጁ ብቻውን መጣ። አማርኛ ይሰማል፣ መናገሩ ግን ይከብደዋል። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ድንገት፣ «አክስቴ፣ አባቴ ማታ ማታ መብራት የማያጠፋው ለምን ነበር?» አለኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ጀበናውን አንስቼ ጓዳ ገባሁ።

በ1969 ዓ.ም. በደርግ ዘመን፣ ቤት ለቤት በተደረገው አሰሳ ጊዜ መካከለኛው ወንድማችን በሌሊት ከቤት ተወሰደ። ሰዎቹ ሲመጡ መብራት አጥፍተን ተኝተን ነበር። አልተመለሰም። አስከሬኑንም አላገኘንም። በዚያ ዘመን በአብዮቱ ጠላትነት ለተገደለ ልጅ ለቅሶ መቀመጥ ራሱ ያስጠይቅ ስለነበር፣ እናቴ ሐዘንተኛ መሆኗ እንዳይታወቅባት ነጠላዋን እንኳ ሳታዘቀዝቅ ገበያ ትወጣ ነበር። «ስሙን እንዳታነሱብኝ» አለችን። አላነሳንባትም። እሷ ከሞተች በኋላም አላነሳንም። ለምን እንደሆነ እኔ ራሴ አላውቀውም።

የወንድሜ ልጅ በነጋታው ከሻንጣው አንድ መጽሐፍ አውጥቶ ሰጠኝ። የዲናውን አራተኛ ልቦለድ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን። ርዕሱ በአማርኛ «እንደ እኛ ያለ ሰው» እንደማለት ነው። ዋና ገጸ ባሕሪው ማሙሽ ይባላል። እስቲ አስቡት! ትልቅ ሰው ነው፣ ጋዜጠኛ ነው፣ ፓሪስ ሚስትና ልጅ አለው፣ ስሙ ግን ማሙሽ። እንግሊዝኛ አንባቢው ይህን እንደማንኛውም ስም አንብቦት ያልፋል። እኛ ግን ወዲያው ይገባናል። ሕፃን የምንጠራበት ስም ነው፣ ትልቅ ነገር የማይነገረው ልጅ ስም። ማሙሽ እናቱን ሊጠይቅ ቨርጂኒያ ሲደርስ፣ እንደ አባቱ የሚያየው ሳሙኤል የተባለ የታክሲ ሹፌር ሞቶ ይጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ በሙሉ ፍለጋ ነው። ሳሙኤል ማን ነበር? ለእኔስ ምኔ ነበር? የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት አሉ፣ እናቱም አለች፣ ግን ቁጭ ብሎ የሚያወራው ሰው አያገኝም። አንብቤ ስጨርስ ያቺን ጀበና አንስቼ ወደ ጓዳ የገባሁባትን ሰዓት አስታወስኩና አፈርኩ።

ከዚያ የቀሩትን ሦስቱን አስልኬ አነበብኩ። በአማርኛ ስላላገኘኋቸው ሁሉንም ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ነው።

የመጀመሪያውን አሜሪካኖቹ ከጣሊያናዊው ባለቅኔ ከዳንቴ ግጥም በተወሰደ ርዕስ ነው ያሳተሙት፣ «ሰማይ የያዛቸው ውብ ነገሮች» እንደማለት። እንግሊዞቹ ደግሞ «የአብዮቱ ልጆች» ብለውታል። ሰፋ እስጢፋኖስ የተባለ ሰው ዋሽንግተን፣ ሎጋን ሰርክል የሚባል ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለው። አገሩን ከለቀቀ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሁለት ጓደኞች አሉት፣ አንዱ ከኮንጎ፣ አንዱ ከኬንያ። ሱቁ ውስጥ ማታ ማታ ተሰብስበው የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። አንዱ የአፍሪካ አምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌሎቹ አገሩንና መፈንቅለ መንግሥቱ የተደረገበትን ዓመት ይገምታሉ። ይስቃሉ። እኔ እዚያ ቦታ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ፣ ምክንያቱም ሰዎቹ የጠፋባቸውን አባት፣ ቤትና አገር በቀጥታ ማውራት ስለማይችሉ በጨዋታ ነው የሚያወሩት። የሰፋን አባት ወታደሮች ከቤት ነው የወሰዱት፣ ልጁ ያመጣቸው ወረቀቶች ተገኝተው። ሰፋ ያንን ተሸክሞ ነው ወተትና ዳቦ የሚሸጠው። አጎቱ ብርሃነ ደግሞ ኢትዮጵያውያን የሞሉበት ፎቅ ላይ ይኖራል። ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለካርተር የጻፈው ደብዳቤ አለ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ በትሕትና፣ አገሬ ምን እየሆነች እንደሆነ ይወቁልኝ የሚል። ያንን ደብዳቤ ሳነብ አለቀስኩ። አባቴ ለቀበሌ የጻፈው ማመልከቻ ልክ እንደዚያ ነበር።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ነው። ዮናስ ወልደማርያም የተባለው ልጅ ኒውዮርክ ውስጥ ጥገኝነት የሚጠይቁ ሰዎችን ታሪክ እንዲያስተካክል ተቀጥሯል። ታሪኩ እንዲታመን ያሳምረዋል፣ ይጨምርበታል። በኋላ አስተማሪ ሲሆን የገዛ አባቱን ጉዞ፣ በሱዳን አድርጎ በመርከብ የወጣበትን፣ ለተማሪዎቹ ከራሱ ፈጥሮ ይነግራቸዋል። አባቱ አልነገረውማ! አባቱ የሰጠው ዝምታና ዱላ ብቻ ነው። አስተማሪ ስለነበርኩ ይሆናል፣ ከአራቱ ይህኛው በጣም ያመመኝ። ልጅ ያልነገሩትን ይፈጥራል። ወላጅ ዝም ሲል ታሪኩ የሚጠፋ ይመስለዋል፣ ልጁ ግን ቀዳዳውን ባገኘው ነገር ይደፍነዋል፣ ብዙውን ጊዜም ከእውነቱ በባሰ።

ሦስተኛው «ስሞቻችን ሁሉ» ነው፣ እ.ኤ.አ. የ2014። ከኢትዮጵያ ወደ ካምፓላ የሄደ ወጣት ወላጆቹ የሰጡትን ስሞች ሁሉ አውቶቡስ ላይ ጥሎ ይሄዳል። በመጨረሻም በጓደኛው በይስሐቅ ስም አሜሪካ ይገባል። እዚያ የምትወደው ሴት እንኳ የምትጠራው በሰው ስም ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር ሞት ባለፈበት ቤት ልጅ ሲወለድ ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ፣ ተካልኝ እንላለን። የወንድሜ ልጅ ስም ከእነዚህ አንዱ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ለእሱ ስል አልጠቅስም። ትምህርት ቤት መጥራት ሲያቅታቸው አሳጥረውት፣ እሱም ተቀብሎት፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሯል። ትርጉሙን ያወቀው እኔ ሳሎን ውስጥ ነው። «የማን ምትክ?» አለኝ። ያን ጊዜ ነው የነገርኩት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምረን መሸብን። መብራቱን ሳናበራ።

አስተማሪ ጓደኞቼ ጋር ስለ ዲናው ሳወራ አንድ ነገር ይሉኛል። «በሁለት ዓመቱ የወጣ ሰው ስለ እኛ ምን ያውቃል? የሚጽፈውስ በእንግሊዝኛ አይደል?» አይዋጥልኝም። አዲስ አበባን አውቃታለሁ ብሎ አልጻፈም። የጻፈው ከሩቅ የተነገረችውን፣ ግማሹ ያልተነገረችውን አገር ነው፣ እሷንም ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የወንድሜ ልጅ የሚያውቃት ኢትዮጵያም እሷው ናት።

ቅሬታ ግን አለኝ፣ እሱንም በግልጽ ልናገር። እነዚህ መጽሐፎች ውስጥ እዚህ የቀረነው ሰዎች አንታይም። የሰፋ እናትና ወንድም አዲስ አበባ ናቸው፣ ግን ከሩቅ ነው የምናያቸው። የሄደው ሰው አገር አጣ፣ እውነት ነው። እኛም ደግሞ የሄደውን ሰው አጣን። ወንድሜ ሲወጣ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ሳገኘው አርባ አልፌ ነበር። ቦሌ ሲወርድ አላወቅኩትም። በመካከል ያለውን ከእሱ ጋር አላወራንም፣ አሁን ደግሞ እሱ የለም። ይህን ዲናው ሊጽፍልን አይችልም፣ የእኛ ድርሻ ነው።

ልመናዬ እንግዲህ ይኸው ነው። ለዲናው መጽሐፎች አንድ ገጽ ስጧቸው። ሽልማቱን ብቻ ጠቅሳችሁ አትለፉ፣ መጽሐፎቹን ያነበበ ሰው ይጻፍባቸው። ተርጓሚዎችም ያንብቡትና በደንብ አማርኛ ይመልሱት፣ በተለይ ማሙሽን። ከቻላችሁ ደግሞ እንደ እኔ ያሉ አንባቢዎች ያልተነገረውን የሚጽፉባት ትንሽ ዓምድ ክፈቱ። ዕድሜያችን እየሄደ ነው። የዚያን ሌሊት ነገር በዓይኑ ያየ ሰው ከቤታችን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የወንድሜ ልጅ ከመሄዱ በፊት መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም አብረን አየን። ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ፎቶዎች አንድ በአንድ ሲያይ ቆየ። የኛ ልጅ የለበትም። እናቴ ፎቶዎቹን ፈርታ አቃጥላቸዋለች፣ አንድም አልቀረም። ስለዚህ መልኩን በቃል ነገርኩት። ግንባሩን፣ አረማመዱን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍነውን።

መጽሐፉን ለኔ ትቶልኝ ሄደ። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጥያቄ ጽፎበታል፣ ለማሙሽ የተጻፈ ይመስላል፣ ግን የሚጠይቀው እኔን ነው። ደብተር ገዝቼ በየተራ እየመለስኩለት ነው። እስካሁን አሥራ አንዱን ጨርሻለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሳሪስ