የጋዜጠኝነት ክበብ፦ ባዶ የቀሩት ሁለት ዓምዶች

ክበባችን ዓመቱን የጀመረው በክርክር ነው። ብዙዎቹ አባላት «ጋዜጣ አብቅቶለታል፤ ስለ ዩቲዩብና ቴሌግራም እንማር» አሉ። ጋዜጣ እያነበብኩ ያደግሁ ነኝና ቅር አለኝ። ልሟገታቸው ግን አልፈለግሁም። ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ አሮጌ ዕለታዊ ጋዜጣ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና «በውስጡ ያለውን ሁሉ መዝግቡ» አልኳቸው።

ምዝገባው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ክፍት የሥራ ቦታ፣ የሚከራይ ቤት፣ የሚሸጥ መኪና፣ ጨረታ፣ የሐዘን መግለጫ፣ የአየር ሁኔታ፣ የኳስ ውጤት፣ የሬዲዮ ፕሮግራም ሰዓት፤ አያልቅም። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከእያንዳንዱ ጎን ዛሬ የት እንደሚገኝ ጻፈች። ሁሉም ማለት ይቻላል ስልክ ውስጥ ገብቷል። የምክር ቤት ስብሰባና የችሎት ውሎ ዘገባ ላይ ስትደርስ ግን እስክሪብቶዋ ቆመ። «መምህር፣ ይህንን አሁን ማን ይጽፈዋል?» አለችኝ። የዓመቱ ሥራችን በሙሉ ከዚህ ጥያቄ የወጣ ነው።

እነዚያን ሁለት ዓምዶች ሲመግብ የኖረው አጠገባቸው የታተመው ማስታወቂያ እንደሆነ ልጆቹ የተረዱት ያኔ ነው። ዘጋቢው ችሎት ሲውል ደመወዙ የሚወጣው በአብዛኛው መኪና ሻጩና ቀጣሪው ከሚከፍሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው ክሬግስሊስት የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ማስታወቂያ ገጽ ይህን ዓይነቱን ማስታወቂያ በአብዛኛው በነፃ ማውጣት ጀመረ፤ ጉግልና ፌስቡክ ደግሞ ትልልቆቹን ወሰዱ። የአሜሪካ ጋዜጦች የማስታወቂያ ገቢ በ2005 ወደ 49 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2020 ከ10 ቢሊዮን በታች ወረደ። የአሜሪካዋ የዴንቨር ከተማ ጋዜጣ ሮኪ ማውንቴን ኒውስ 150ኛ ዓመቱን ሊያከብር ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ በፌብሩዋሪ 2009 ተዘጋ። ልጆቹን ከሁሉ ያስገረማቸው በ1703 የተመሠረተው የኦስትሪያው ቪነር ጻይቱንግ ነው። ኩባንያዎች ማስታወቂያቸውን እሱ ላይ እንዲያወጡ የሚያስገድደው ሕግ ሲነሳ፣ ዕለታዊ የወረቀት እትሙ በጁን 2023 መጨረሻ ቆመ። ድረ ገጹ ቀጥሏል። ጋዜጣ የሚሞተው አንባቢ ሲያጣ ብቻ ይመስላቸው የነበሩ ልጆች እዚህ ላይ ዝም አሉ።

ሁለተኛውን መንፈቅ ለባዶዎቹ ዓምዶች ሰጠን። ሁለት ተማሪዎች የወላጆች ስብሰባ ላይ ሦስት ሰዓት ተቀምጠው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ለምን ቀድሞ መዘጋት እንደጀመረ የተነገረውን መዝግበው፣ ኃላፊዋንም ዳግመኛ ጠይቀው ጻፉ። ዘገባውን በቴሌግራም ቻናላችን ስናወጣው ያየው ሰው የስፖርት ቀኑን ቪዲዮ ካየው ሩቡን አይሞላም። ልጆቹ ተከፉ። እኔ ግን ዘንድሮ ከሠራነው ሁሉ በዚህ ዘገባ እኮራለሁ። ከሥሩ ደግሞ አንድ አንባቢ ለውጡ የማታ ተማሪዎችን እንደሚጎዳ ጻፈልን። ይህ አምልጦን ነበር፤ የማታ ተማሪዎችን አነጋግረን በማግስቱ ጨመርንበት። የወረቀት ጋዜጣ ይህን ዕድል በዚህ ፍጥነት አይሰጥም፤ ልጆቹ መጀመሪያ ሲከራከሩኝ በዚህ ልክ ነበሩ።

ፍጥነቱ ግን ጎድቶናልም። አንድ ቀን የሒሳብ ፈተናን ቀን አሳስተን አወጣን። በ20 ደቂቃ ውስጥ አረምነው፤ የተሳሳተው ግን ቀድሞ በየክፍሉ ግሩፕ ተዳርሶ ነበር። እርማታችንን ማንም አላስተላለፈውም። ፈተናው ያመለጣቸው አራት ተማሪዎች ቢሮዬ በር ላይ ቆመው ሳያቸው በጣም አዘንኩ፤ ሌላ ቀን እንዲፈተኑ የክበቡ አባላት ራሳቸው ሄደው መምህራቸውን ለመኑ። ከዚያ ወዲህ ከጸሐፊው ሌላ ሁለት ሰው ያላነበበው ነገር ቻናላችን ላይ አይወጣም። አንዱ የተነገረውን ከምንጩ ያጣራል፤ ሌላው ቀንና ቁጥር ብቻ ይመለከታል። ዜናችን አሁን ከሌሎች ግሩፖች ዘግይቶ ይወጣል። ልጆቹም ለምደውታል።

የመጪው ዓመት ምዝገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይከፈታል። ቪዲዮ የሚያቀናብሩ በቂ አባላት አሉን፤ ረጅም ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚጽፍ ልጅ ግን በጣም እንፈልጋለን።