ጠርዙ በጥብጣብ የተከበበ ጊታር ሲቀባ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

አንድ ዓይነት ቀለም ለሚቀቡ ሁለት ጊታሮች የተለያየ የማስረከቢያ ቀን የምንሰጠው ለምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። ልዩነቱ የሚመጣው ከቀለሙ ሳይሆን የጊታሩን አካል ዙሪያውን ከሚከብበው ነጭ ወይም ክሬም መልክ ያለው ቀጭን ጥብጣብ፣ ማለትም ከባይንዲንጉ ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢጠጋ ነው፤ ሆኖም ከቀረው አካል ሁሉ ይልቅ ጊዜያችንን የሚወስደው እሱ ነው።

ብዙዎች እንደሚገምቱት ጥብጣቡን በማስኪንግ ቴፕ ሸፍኖ መርጨት ይቻላል፤ እኛም በአንዳንድ ሥራዎች ላይ እናደርገዋለን። ችግሩ ቴፑ ጥብጣቡ በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ትንሽ መነሳቱና ቀለሙ በዚያች ክፍተት ሾልኮ መግባቱ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ጥብጣቡን ሳንሸፍን ሁሉንም አብረን እንቀባለን፤ ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላም ጥብጣቡ ላይ ያረፈውን ብቻ በምላጭ እንፍቃለን። ምላጩ ቀጥ ብሎ ይያዛል፤ የሚቆርጠው አፉም ከጥብጣቡ ስፋት እንዳያልፍ ግራና ቀኙ በቴፕ ይጠቀለላል፤ ጠቋሚ ጣት የአካሉን ጎን ተደግፎ እየመራው በአንድ ትንፋሽ ወደ ራስ ይሳባል። ቀለሙ እንደ ደቃቅ ዱቄት እየተነሳ ነጩ መስመር ብቅ ሲል ማየት ደስ ይላል። አንገቱ አጠገብ አካሉ ወደ ውስጥ በሚታጠፍበት ጠባብ ቦታ ግን ምላጩ ስለሚንቀጠቀጥ በጣት ስፋት ልክ ብቻ ነው የምንሄደው።

ቀለሙ የእንጨቱን የተፈጥሮ መስመሮች የሚያሳይ ማቅለሚያ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። አንድ ጊዜ በአልኮል የተበጠበጠ ቀይ ማቅለሚያ ጠርዙን አስቀድመን ሳናሽግ እንጨቱ ላይ በቀጥታ አሳረፍን፤ ማቅለሚያው በእንጨቱ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ጎን ሰርጎ ነጩን ጥብጣብ ሮዝ አደረገው። ብንፍቅ ብንፍቅ አልለቅ ስላለ ጥብጣቡን አንሥተን በሌላ ተካነው፤ ጥፋቱ የእኛ ስለነበረ ወጪውንም እኛው ሸፈንን። ከዚያ ወዲህ ጥብጣቡንና መጋጠሚያውን በቀጭን ቀለም አልባ ላከር (ሲደርቅ ጠንካራ አንጸባራቂ ሽፋን በሚሆን ፈሳሽ) ሳንሸፍን ማቅለሚያ አንነካም።

ፍቂያው እንዳለቀ በቀለሙና በጥብጣቡ መካከል ጥፍር የሚይዝ ትንሽ ደረጃ ይቀራል። ይህን የሚሞላው በሁሉም ላይ በየተራ የሚረጨው ቀለም አልባ ላከር ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ንብርብሮች እንደ ጭጋግ አሳስተን የምንረጨው ሴሉሎይድ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ጥብጣብ በላከሩ ቲነር ስለሚለሰልስ ነው። የምንረጨው ናይትሮሴሉሎስ የሚባለው የላከር ዓይነት የሚደርቀው ቲነሩ እየተነነ ስለሆነ ለሳምንታት እየሳሳና እየሰመጠ ይሄዳል፤ ቸኩለን በብርጭቆ ወረቀት ብናስተካክለውና ብናብለጨልጨው ያ ደረጃ ከወር በኋላ ተመልሶ ይታያል። የምትጠብቋቸው ቀናት በአብዛኛው የሚያልፉት እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ነገሮችን በትሕትና እንጠይቃችኋለን። አንደኛ፣ አሮጌውን ቀለም ቤት ውስጥ ለማስለቀቅ አትሞክሩ። የቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካል ጥብጣቡን ያቀልጠዋል፤ ትኩስ አየር የሚነፋ መሣሪያ ደግሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ሴሉሎይድ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ነው። ቀለሙ እየተላጠም ቢሆን እንዳለ አምጡልን፤ ጥብጣቡ አጠገብ ያለውን በእጅ እናነሣዋለን። ሁለተኛ፣ ጥብጣቡ ነጭ ሆኖ እንዲቆይ ነው ወይስ እንደ አሮጌ ጊታር ክሬም እንዲመስል የምትፈልጉት? ክሬም ከሆነ ላከሩ ላይ ጥቂት ቢጫ እንጨምራለን፤ ነጭ ከሆነም የናይትሮሴሉሎስ ላከር ከዓመታት በኋላ በራሱ ቢጫ እየሆነ እንደሚሄድ ከወዲሁ እወቁልን። ላከሩ ከተረጨ በኋላ ሐሳብ መቀየር ሁሉንም ፍቆ እንደ አዲስ መጀመር ስለሚሆን፣ ምርጫችሁን ጊታሩን ስታስረክቡን በቅጹ ላይ አስፍሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጊታር ጥገናና ቀለም ቅብ ክፍላችን